«መሠሪ» የሚለው ቃልና ሚዛኑ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በራሳቸው ከባድ ሆነው ሳለ በአንደበታችን ላይ እየቀለሉ የሄዱ ቃላት አሉ። ከእነዚህ አንዱ «መሠሪ» የሚለው ነው። በጉባኤ መካከል ከብዙኃኑ የተለየ አሳብ ያቀረበ ወንድም ገና ወደ መቀመጫው ሳይመለስ «መሠሪ ነው» ይባላል። ስለ ሒሳብ የጠየቀች እኅት «ከኋላዋ ሌላ ሰው አለ» ትባላለች። ዝም ያለውም «ዝምታው ያለ ነገር አይደለም» ከመባል አያመልጥም። በቴሌግራም ቡድኖቻችን ደግሞ ቃሉ በየዕለቱ ይወረወራል፤ ወርዋሪው ስሙን ሸሽጎ፣ የሚወረወርበት ግን በስሙና በፎቶግራፉ ተጋልጦ።

በዚህ ጽሑፍ ለማሳሰብ የምወደው አንድ ነገር ነው። «መሠሪ» የተፈጸመና ሊመረመር የሚችል ሥራ የሚሰጠው ስም ነው። ሥራው ሳይታይ፣ ምስክር ሳይቆም፣ ሰውየው ሳይጠየቅ ቃሉን በወንድም ላይ መለጠፍ ቃሉ ራሱ የሚያወግዘውን ኃጢአት መፈጸም ነው። ይህን ለመረዳት ከቃሉ ሥር እንጀምር።

ቃሉ ከየት መጣ?

«መሠሪ» ወደ አማርኛ የመጣው «መሠርይ» ከሚለው የግእዝ ቃል ነው። በግእዝ «መሠርይ» ማለት አስማተኛ፣ ጠንቋይ፣ በዕፅና በድግምት ሰውን የሚጎዳ ወይም የሚያስት ማለት ነው፤ ሲበዛ «መሠርያን» ይላል። ሥራው «ሥራይ» ይባላል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የምናገኘውን፣ የሰማርያን ሰዎች በአስማቱ ያስደንቅ የነበረውን ሲሞንን «ሲሞን መሠርይ» የምንለው ከዚህ የተነሣ ነው። «መፍትሔ ሥራይ» በሚባለው ጸሎት ስም ውስጥ ያለውም «ሥራይ» ይኸው ነው፤ የተደረገውን ድግምት የሚፈታ ለማለት።

ነገር ግን «ሥራይ» በግእዝ ክፉ ፍቺ ብቻ ያለው ቃል አይደለም፤ መድኃኒት ማለትም ይሆናል። ሐኪም በግእዝ «ዐቃቤ ሥራይ» ይባላል፤ ቃል በቃል ሲፈታ የመድኃኒት ጠባቂ ማለት ነው። ቅዱስ ጳውሎስ በቆላስይስ መልእክቱ መጨረሻ (4፥14) በሐኪምነቱ የጠቀሰው ወንጌላዊው ቅዱስ ሉቃስ በግእዙ የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። በግሪኩም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። «ፋርማኮን» መድኃኒትም መርዝም ይሆናል። ዛሬ «ፋርማሲ» የምንለው ከዚህ የወጣ ሲሆን፣ ሐዋርያው በገላትያ 5፥20 ከሥጋ ሥራዎች ጋር የቆጠረው አስማትም በግሪኩ «ፋርማኬያ» ነው።

እንግዲህ ከአንድ ሥር የሉቃስም የሲሞንም መጠሪያ ወጥቷል። ዕፁ አንድ ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ ግን ለበሽተኛው ነግሮ፣ መጠኑን ለክቶ፣ ሊያድነው ይሰጠዋል። መሠርዩ በምግብ ውስጥ ሸሽጎ፣ ባለቤቱ ሳያውቅ፣ ሊጎዳው ወይም ሊገዛው ያበላዋል። ልዩነቱ በግልጥነትና በዓላማ ላይ መሆኑን ልብ እንበል። ቃሉ በአማርኛ ከድግምት ወደ ክፉ ምክር ሲሸጋገርም ይህን ጠባዩን አልተወም። የዛሬው መሠሪ ሥር አይምስም፣ ቅጠል አይበጥስም፤ የሚቀምመው ወሬ ነው፣ የሚያጠጣውም በወዳጅ ጽዋ ነው።

ሦስቱ ምልክቶች

አማርኛችን በዚህ ዙሪያ ብዙ ቃላት አሉት፦ ተንኮለኛ፣ ሤረኛ፣ አድመኛ፣ ሰርጎ ገብ። ሁሉም ግን አንድ አይደሉም። ተንኮለኛ ብቻውን ሊሠራ ይችላል፤ ሤረኛ ተባባሪ ይፈልጋል። ሠራተኞች ጥያቄያቸውን በአደባባይ አስታውቀው ሥራ ሲያቆሙ «አድማ መቱ» እንላለን፤ ይህ በግልጥ የሚደረግ ነውና ከሤራ ጋር አይቆጠርም። «ሰርጎ ገብ» የሚናገረው ስለ አገባቡ ነው፤ ገብቶ ስለሚሠራው ገና አልተናገረም። «ሴራ» የሚለው ድምፅ እንኳ በአፋን ኦሮሞ ሕግ ማለት ነው፤ ጆሮ ብቻውን ለፍርድ እንደማይበቃ ከዚህ እንማራለን።

ታዲያ መሠሪነት በምን ይታወቃል? መጽሐፍ ቅዱስ ከሚተርካቸው ሤራዎች ሁሉ ጎልቶ የሚታየውን የናቡቴን ታሪክ (1ኛ ነገ. 21) እንመልከት። ንጉሡ አክዓብ የናቡቴን የወይን ቦታ ተመኘ፤ ናቡቴም የአባቶቹን ርስት አልሰጥም አለ። ንግሥቲቱ ኤልዛቤል በንጉሡ ስም ደብዳቤ ጽፋ፣ በማኅተሙ አትማ፣ ለከተማይቱ ሽማግሌዎች ላከች። ጾም እንዲታወጅ፣ ናቡቴም በሕዝቡ ፊት እንዲቀመጥ፣ ሁለት ምናምንቴ ሰዎች እግዚአብሔርንና ንጉሡን ሰድቧል ብለው እንዲመሰክሩበት አዘዘች። ሁሉም እንደ ታዘዘው ሆነ፤ ንጹሑ ሰው በድንጋይ ተወገረ፤ አክዓብም ርስቱን ሊወርስ ወረደ።

በዚህ ታሪክ ሦስት ምልክቶች አሉ። የመጀመሪያው ስውርነት ነው፤ ደብዳቤው የተጻፈው በሌላ ሰው ስም ነበር። ሁለተኛው ምክክር ነው፤ ንግሥቲቱ፣ ሽማግሌዎቹና ምስክሮቹ በአንድ ዕቅድ ተያይዘዋል። ሦስተኛው በንጹሕ ሰው ላይ የታሰበ ጉዳት ነው። ይህም ብቻ አይደለም፤ በውጭ ሲታይ ሁሉም ነገር ሥርዓቱን የጠበቀ ይመስል ነበር። ጾም ታውጇል፣ ጉባኤ ተሰብስቧል፣ ሕጉ የሚጠይቃቸው ሁለት ምስክሮችም ቆመዋል። ሤራ ብዙ ጊዜ የሥርዓትን ልብስ ይለብሳል።

ከሦስቱ ምልክቶች አንዱ ከጎደለ ቃሉ በሰውየው ላይ አያርፍም። ስውር የሆነ ሁሉ ሤራ አይደለም፤ ምጽዋት በስውር ይሰጣል፣ ኃጢአትም ለንስሐ አባት በምሥጢር ይነገራል። ተሰብስቦ መምከርም ሤራ አይደለም፤ ሐዋርያት በኢየሩሳሌም ተሰብስበው መክረዋል (ሐዋ. 15)። ጉዳት ያደረሰ ሁሉም መሠሪ አይደለም፤ በችኮላ፣ በስንፍና ወይም ባለማወቅ የሚጎዳ ብዙ ነው፤ እርሱን ተግሣጽና ምክር ያቀናዋል።

ቃሉ ከቦታው ሲወጣ

በአንድ የግቢ ጉባኤ የተመለከትሁትን ላንሣ። አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ በጠቅላላ ጉባኤ ላይ እጁን አውጥቶ ለመንፈሳዊ ጉዞ የተሰበሰበው ገንዘብ ሪፖርት እንዲነበብ ጠየቀ። የጠየቀው በሁሉ ፊት ነበር፤ ያማከረው ሰው ስለመኖሩ ያየም የሰማም አልነበረም፤ ጥያቄውም ማንንም የሚጎዳ አልነበረም። ከሦስቱ ምልክቶች አንዱም በእርሱ ዘንድ አልታየም። ነገር ግን በዚያው ምሽት «ላኪ አለው» የሚል ወሬ ተነሣ፤ በሳምንቱ «መሠሪ» ሆነ። ማን ላከው ብሎ የመረመረ፣ እርሱንም ጠርቶ ያነጋገረ አልተገኘም። ከአገልግሎት ተራው ስሙ ወጣ። ለጥቂት ጊዜ ቅዳሴ እያስቀደሰ ከማንም ሳይነጋገር ይሄድ ነበር፤ በኋላ ግን መምጣቱን ተወ። ሪፖርቱም እስከ ዓመቱ መጨረሻ ሳይነበብ ቀረ።

እንዲህ ያለው ነገር ሦስት ጉዳት ያመጣል። በመጀመሪያ የሚጎዳው ሰውየው ነው። «ተሳስተሃል» የተባለ ሰው ስሕተቱን ሊያርም ይችላል፤ «መሠሪ ነህ» የተባለ ሰው ግን ምን ያርማል? ይቅርታ ቢጠይቅ «ዘዴ ነው» ይባላል፤ ዝም ቢል «እያቀደ ነው» ይባላል፤ ቢቆጣ «ተገለጠ» ይባላል። የንስሐን በር ከውጭ የሚዘጋ ቃል ነው። ሁለተኛ፣ ማኅበሩ ይጎዳል፤ ሰዎች በጉባኤ መናገርን ይፈሩና በየጥጉ ይነጋገራሉ፤ ሤራን እንጠላለን ስንል ለሤራ የሚመች ጨለማ እናበጃለን። ሦስተኛ፣ ቃሉ ራሱ ኃይሉን ያጣል፤ ሁሉ መሠሪ በተባለበት ስፍራ እውነተኛው መሠሪ በደኅና ይቀመጣል።

ከዚህም የከፋ አለ። ቃሉ ከአንድ ሰው አልፎ የአንድ ቋንቋ ተናጋሪ፣ የአንድ አገር ልጆች ሁሉ መጠሪያ ሲሆን እንሰማለን። ሥራ የሚፈጽመው ሰው ነው፤ ሤራ በጥምቀት ስምም በትውልድ ቀበሌም አይወረስም። አንድን ሕዝብ በጅምላ መሠሪ የሚል አንደበት፣ ምንም ማስረጃ ሳያሻው ስለ ሚሊዮኖች ልብ ፈርዷል። የልብን የሚመረምር ግን እግዚአብሔር ብቻ ነው።

ነቢዩ ኢሳይያስ በንጉሡ በአካዝ ዘመን የሶርያና የኤፍሬም ነገሥታት በይሁዳ ላይ ተባብረው በመጡ ጊዜ፣ የሕዝቡ ልብ ነፋስ እንደሚያናውጠው ዛፍ ተናውጦ ነበር። በዚያ ሽብር መካከል እግዚአብሔር ነቢዩን ያስጠነቀቀው ሕዝቡ ሤራ የሚለውን ሁሉ ሤራ እንዳይል፣ እነርሱም የሚፈሩትን እንዳይፈራ ነው (ኢሳ. 8፥12-13)። የሁለቱ ነገሥታት ኅብረት እውነት ነበር፤ ጠላት አልነበረም አልተባለም። የተከለከለው ፍርሃት የቃላት መምህር እንዳይሆን ነው።

የከሳሹ መሣሪያ

መዘንጋት የሌለበት ሌላም ነገር አለ። «መሠሪ» የሚለው ቃል በመሠሪዎች እጅ ዋነኛ መሣሪያ ሆኖ ያውቃል። ነህምያ የኢየሩሳሌምን ቅጥር ሲሠራ ሰንባላጥና ተባባሪዎቹ ክፉ ሊያደርጉበት ወደ ኦኖ ቆላ ጠሩት። አልሄደም። ደጋግመው ላኩ፤ በአምስተኛው ግን ያልታሸገ ደብዳቤ በአገልጋይ እጅ መጣ፤ ይዘቱም አይሁድ ሊያምፁ አስበዋል፣ አንተም ልትነግሥባቸው ቅጥሩን ትሠራለህ የሚል ነበር (ነህ. 6)። በስውር የሚያሤሩት ሰዎች በግልጥ የሚሠራውን ሰው ሤረኛ አሉት። ነህምያ ነገሩ ከልባቸው የፈጠሩት መሆኑን በአጭሩ መልሶ፣ ጸልዮ፣ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ቅጥሩም በ52 ቀን ተፈጸመ።

በቤተ ክርስቲያን ታሪክም ቅዱስ አትናቴዎስን እናገኛለን። በ335 ዓ.ም. በጢሮስ በተሰበሰበው ጉባኤ ፊት ከቀረቡበት ክሶች አንዱ አርሳንዮስ የተባለውን ጳጳስ ገድሎ እጁን ለአስማት ቆርጧል የሚል ነበር። ቃሉን በጥንት ፍቺው ብንወስደው «መሠርይ» ብለው መክሰሳቸው ነው። የተቆረጠ እጅም በሣጥን አምጥተው አሳዩ። አርሳንዮስ ግን ተሸሽጎ ኖሮ ተገኝቶ ነበር፤ አትናቴዎስም በጉባኤው መካከል በሕይወት አቆመው፤ አንድ እጁን ገለጠ፣ ቀጥሎም ሁለተኛውን፤ ሦስተኛ እጅ ካለው ከሳሾቹ ያሳዩ ዘንድ ለእነርሱ ተወላቸው። ክሱ ቢፈርስም ጥላቻው አልፈረሰም። ወደ ቍስጥንጥንያ የሚሄደውን እህል ሊያግድ አስቧል የሚል ሌላ ክስ ተፈጥሮ ወደ ትሪየር ተጋዘ።

ይህ ክስ ወደ እኛም ደጅ ደርሷል። አትናቴዎስ ፍሬምናጦስን ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የላከ አባት ነውና፣ አርዮሳውያንን ይደግፍ የነበረው ንጉሥ ቍስጠንጢዎስ ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ተመልሶ እንዲመረመር ለአክሱም ነገሥታት ለኢዛናና ለወንድሙ ለሳይዛና ደብዳቤ ጻፈ። ያ ደብዳቤ ከአትናቴዎስ መጻሕፍት ጋር እስከ ዘመናችን ደርሷል። በደብዳቤው የተጠረጠረውን አባት እኛ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን እንለዋለን። «ከሣቴ ብርሃን» ብርሃን ገላጭ ማለት ነው፤ ከስውር ሥራ ጋር ፈጽሞ የማይገጥም ስም።

መሠሪዎች የሉምን?

«ታዲያ መሠሪ የሚባል የለም ልትለን ነውን?» የሚል አንባቢ ይኖራል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። አለ። ቅዱስ ጳውሎስ በስውር ሾልከው ስለ ገቡ ሐሰተኞች ወንድሞች ጽፏል (ገላ. 2፥4)፤ ቅዱስ ይሁዳም እንዲሁ አስጠንቅቋል (ይሁዳ 4)። ቤተ ክርስቲያን የበግ ለምድ ለብሰው በሚመጡ ሰዎች ብዙ ተፈትናለች። ስለዚህ ንቃት ያስፈልጋል፤ ቃሉንም መጣል አይገባም። የምንጠብቀው ነገር ግን ስለቱን ነው። ቢላዋ በድንጋይ ላይ ሁሉ ሲመታ ይደነዝዛል፤ ለሥጋው የሚያስፈልግበት ቀን ሲመጣ አይቆርጥም።

አበው ሐዋርያት መሠሪን እንዴት እንደ ያዙ እንመልከት። ሲሞን የመንፈስ ቅዱስን ሥልጣን በገንዘብ ሊገዛ በጠየቀ ጊዜ፣ ቅዱስ ጴጥሮስ በኋላው አላማውም፤ ለሰማርያ ምእመናንም ተጠንቀቁት ብሎ በጆሯቸው አላንሾካሾከም። ፊት ለፊት ጥፋቱን በስሙ ጠርቶ ገሠጸው፤ ተግሣጹም እጅግ ብርቱ ነበር። ነገር ግን በዚያው ንግግር ንስሐ እንዲገባና የልቡ አሳብ ይሰረይለት ዘንድ እንዲለምን አሳሰበው (ሐዋ. 8፥18-24)። «ሥራይ» እና «ስርየት» ለጆሮ የሚቀራረቡ ቃላት ናቸው፤ ሐዋርያው በሥራይ ለታወቀው ሰው ያሳየው የስርየትን መንገድ ነው። ሲሞን አልተጠቀመበት ይሆናል፤ በሩን የዘጋበት ግን ሐዋርያው አልነበረም።

በጳፉም ቅዱስ ጳውሎስ ኤልማስ የተባለውን ጠንቋይ የተቃወመው አገረ ገዢው እየሰማ፣ ዓይን ለዓይን እየተያዩ ነው (ሐዋ. 13)። ሤራን በስውር መዋጋት አይቻልም፤ በስውር የሚዋጋው ሰው ሁለተኛ ሤራ ጨምሯል። ጌታችንም በሊቀ ካህናቱ ፊት ስለ ትምህርቱ በተጠየቀ ጊዜ በአደባባይ ማስተማሩን፣ በስውር የተናገረው አለመኖሩን አስታውሷል (ዮሐ. 18፥20)። የመሠሪ ተቃራኒ በግልጥ የሚናገር ሰው ነው።

የረቡዕ ጾም ትርጉም

ቤተ ክርስቲያናችን ሤራን ትረሳለች የሚል ቢኖር የረቡዕን ጾም ይመልከት። ከበዓለ ሃምሳ በቀር ረቡዕን በየሳምንቱ የምንጾመው በዚህ ዕለት በጌታችን ላይ ስለ ተመከረው ምክር ነው፤ ዓርብን ደግሞ ስለ ስቅለቱ። በሰሙነ ሕማማትም ረቡዕ «ምክረ አይሁድ» ይባላል። የካህናት አለቆችና የሕዝብ ሽማግሌዎች በቀያፋ ግቢ ተሰብስበው በተንኮል ሊይዙት ተማከሩ፤ ሕዝቡ እንዳይታወክ በበዓል አይሁን አሉ (ማቴ. 26፥3-5)። ስውርነቱም፣ ምክክሩም፣ በንጹሕ ላይ የታሰበው ጉዳትም በዚህ ተሟልቷል።

ነገር ግን ሁለት ነገር እናስተውል። በመጀመሪያ፣ በዚያ ሸንጎ ውስጥ የአርማትያሱ ዮሴፍ ነበር፤ ወንጌላዊው ሉቃስ በምክራቸውና በሥራቸው እንዳልተባበረ ይመሰክርለታል (ሉቃ. 23፥50-51)። ኒቆዲሞስም ሳይሰሙት በሰው ላይ መፍረድ እንደማይገባ በዚያው ወገን መካከል ተከራክሯል (ዮሐ. 7፥50-51)። ሐዋርያትም፣ እመቤታችንም ከዚያው ሕዝብ ናቸው። ስለዚህ የዕለቱ ስም የመከሩትን አለቆች ሥራ ይነግረናል እንጂ ሕዝብን ለመጥላት ፈቃድ አይሰጠንም። በሤራው ሸንጎ ውስጥ እንኳ ጻድቅ ከተገኘ፣ በጅምላ የምንፈርደው በምን ሚዛን ነው?

ሁለተኛ፣ ቤተ ክርስቲያን ሤራውን እንድናስብ ስታዝ በእጃችን ድንጋይ አላስያዘችንም። ጹሙ አለችን። ሤራን የምናስበው በራሳችን ላይ ረኃብን ወስነን፣ በደጅ ሰላም ቆመን ነው። ከአሥራ ሁለቱ አንዱ በሠላሳ ብር እንደ ተስማማ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የራሱን ልብ ይጠይቃል። ረቡዕን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሞ፣ በመሸ ጊዜ በስልኩ የወንድሙን ስም በስውር የሚያጠፋ ሰው ግን ዕለቱን በሆዱ ጾሞ በጣቶቹ ምክረ ክፉን ደግሟል።

ምን እናድርግ?

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ቃሉ ወደ ከንፈራችን ሲመጣ ሦስት ጥያቄ እናስቀድም። ሰውየው የሠራውን ሥራ ለይቼ መናገር እችላለሁን? ያየሁት ነው ወይስ የሰማሁት? ለእርሱ ለራሱ ነግሬዋለሁን? ለሦስቱም መልስ ከሌለን ያለን ጥርጣሬ ነው፤ ጥርጣሬም የሚቀርበው ለንስሐ አባት ነው። መልስ ካለን ደግሞ መንገዱ ተጽፎልናል፤ መጀመሪያ ብቻችንን፣ ካልሰማ ከሁለት ወይም ከሦስት ምስክር ጋር፣ ከዚያም ለቤተ ክርስቲያን (ማቴ. 18፥15-17)። የሰንበት ትምህርት ቤት መሪዎችም ስም በሌለው መልእክት ላይ ተመሥርተው ማንንም ከአገልግሎት ባያግዱ፣ የተከሰሰውን ሳይሰሙ ባይወስኑ፣ ስለ ሒሳብ የሚነሣውን ጥያቄም በሒሳብ ቢመልሱ ብዙ ወሬ በራሱ ጊዜ ይደርቃል።

ኦሪት በሐሰት የመሰከረ ሰው በወንድሙ ላይ ሊያደርግ ያሰበው በራሱ ላይ እንዲሆን አዝዛለች (ዘዳ. 19፥16-19)። እኛ በአዲስ ኪዳን ያለን ከዚህ ያነሰ ጥንቃቄ ሊኖረን አይገባም። በሐሰት «መሠሪ» የተባሉ ወንድሞችና እኅቶች በየአጥቢያችን ደጅ ዙሪያ አሉ፤ ስማቸውን የምናውቅ ሄደን እንጥራቸው፤ ጥያቄያቸውም ካልተመለሰ እንመልስላቸው።

በስውር ያለውን የሚያይ አምላክ አንደበታችንን ይጠብቅልን፤ ከክፉ ምክር ይሰውረን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።